ወደብ ላይ የሞተች መርከብ፦ የጥገና ታሪክ እንደ መንግሥት ታሪክ

የሎስ አንጀለስ ከተማ ምክር ቤት በ2002 «ሊትል ኢትዮጵያ» ብሎ በሰየመው የፌርፋክስ ጎዳና ክፍል፣ የባሕር በር ክርክር ከቡናው ጋር አብሮ የሚቀርብ ጉዳይ ከሆነ ሰንብቷል። ክርክሩ አብዛኛውን ጊዜ በካርታ ይጀመራል፤ በካርታም ያልቃል። አሰብ፣ ምጽዋ፣ ዘይላ፣ በርበራ፣ ጅቡቲ እየተባለ የወደብ ስም ይቆጠራል፤ ውል ይጠቀሳል፤ የሕግ አንቀጽ ይመዘዛል። ይህ ጽሑፍ ካርታውን ለጊዜው አጥፎ ወደ መርከብ ሞተር ክፍል ይወርዳል። የሚያነሣው ጥያቄ ቀላል ይመስላል፦ አገሪቱ ባሕር በነበራት ዘመን፣ የነበሯትን መርከቦች ማን ይጠግናቸው ነበር? በማን መለዋወጫ? በየትኛው በጀት? መልሱ ሲመረመር ግን የባሕር ኃይላችንን ታሪክ ከጦርነቱ ትረካ በተለየ መልኩ ያስነብበናል። (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቺንጋ፣ ሰንሰለትና ጥርስ

ከቴክኒኩ እንጀምር፤ የፖሊሲው ነገር ከእርሱ ይወለዳልና። የናፍጣ ሞተር ካንዴላ የለውም። አየር በሲሊንደሩ ውስጥ እስኪግል ድረስ ይታመቃል፤ ከዚያም ነዳጁ በአንዲት የተወሰነች ቅጽበት ይረጫል። ቅጽበቲቱ ጥቂት ዲግሪ ብትዘገይ ሞተሩ ይጨሳል፣ ይግላል፣ ጉልበት ያጣል። ከመጠን በላይ ብትቀድም ያንኳኳል፤ አካሉንም ይጎዳል። ይህን ሰዓት የሚጠብቀው፣ የክራንክሻፍቱን ዙር ወደ ካምሻፍቱና ወደ ነዳጅ ፓምፑ የሚያደርሰው ማገናኛ ነው። ማገናኛው ሦስት ዓይነት ነው፦ የጎማ ቺንጋ፣ የብረት ሰንሰለት፣ ወይም እርስ በርሱ የሚናከስ ጥርስ።

«ቺንጋ» የሚለውን ቃል የአዲስ አበባ ጋራዦች ከጣልያንኛው «ቺንጊያ» ወስደውታል፤ ከማርሽና ከፍሪሲዮን ጋር አብሮ የገባ ቃል ነው። በሎስ አንጀለስ ታክሲ የነዳ ወገናችን ሁሉ ጠባዩን ያውቀዋል። ቺንጋ በውስጡ የመስታወት ክር የተነጠፈበት ባለ ጥርስ ጎማ ነው፤ ርካሽ ነው፣ ድምፅ የለውም፣ ቅባት አይሻም። በባሕር ላይ የሚገኘው በአብዛኛው ከመኪና ሞተር በተወለዱ የትናንሽ ጀልባ ሞተሮች ውስጥ ነው። አምራቾቹ ሁለት ገደብ ያስቀምጡለታል፤ አንዱ የሥራ ሰዓት፣ ሁለተኛው ዓመት። ከሁለቱ የቀደመው ሲደርስ መቀየር አለበት። ጀልባው ዓመቱን ሙሉ ታስሮ ቢቆም እንኳ የዓመቱ ገደብ አይነሣም፤ ጎማ ሳይሠራም ያረጃልና። የዘይት ጠብታ ያፋጥነዋል፤ የደከመ ማጥበቂያ ወይም ተነክሶ የቆመ የውሃ ፓምፕ ይበጥሰዋል። ከሁሉ የከፋው ግን ብዙ ጊዜ ምልክት አለመስጠቱ ነው። ላይ ላዩን ሲያዩት ደኅና የሚመስል ቺንጋ በነጋታው ሊበጠስ ይችላል። ሲበጠስ ካምሻፍቱ ይቆማል፤ ክራንክሻፍቱ ግን በነበረበት ግፊት መዞሩን ይቀጥላል። ፒስተኑ ክፍት የቀረውን ቫልቭ ይመታዋል። ርካሽ ዕቃ በጊዜው ባለመቀየሩ ሙሉ ሞተር ይጠፋል።

ትላልቅ የመርከብ ሞተሮች በዚህ ምክንያት ለቺንጋ አይታመኑም፤ ሰንሰለት ወይም ጥርስ ይጠቀማሉ። አዳዲሶቹ ግዙፍ ሞተሮች ደግሞ ካምሻፍቱን ራሱን ትተው ሥራውን ለኤሌክትሮኒክስ ሰጥተውታል። ሰንሰለት የሚሞተው በሌላ መንገድ ነው። መገጣጠሚያዎቹ እየተበሉ ጥቂት በጥቂት ይረዝማል፤ በረዘመ ቁጥር የነዳጁ ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል። የጭስ ማውጫው ሙቀት ይጨምራል፣ ጭሱ ይጠቁራል፣ ፍጥነት ይቀንሳል። የሚለካው፣ የሚያጠብቀውና የሚመዘግበው ሰው ካለ ማስጠንቀቂያው ብዙ ነው። የመዘገበ ከሌለ ግን የዛሬው ጭስ ከአምናው ጭስ መባሱን የሚያውቅ አይኖርም።

«ኢትዮጵያ» የተባለችው መርከብ

የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል የተመሠረተው በ1955፣ ኤርትራ በፌዴሬሽን ከተቀላቀለች ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። የኖርዌይ መኮንኖች በማደራጀቱና በማሠልጠኑ ተሳትፈዋል፤ ምጽዋ ዋናው ሰፈር ሆነች። በ1962 ደግሞ ዩናይትድ ስቴትስ ትልቁን መርከብ አስረከበች። የቀድሞ ስሟ «ኦርካ» ነበር፤ በዋሽንግተን ክፍለ ግዛት በሌክ ዋሽንግተን መርከብ ሠሪዎች ዘንድ ተሠርታ በ1942 ውሃ ላይ ወረደች፣ በ1944 አገልግሎት ጀመረች። የባሕር አውሮፕላኖችን ለመደገፍ የተሠራው የባርኔጋት ምድብ አባል ስትሆን ርዝመቷ 95 ሜትር ያህል ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ «ኢትዮጵያ» ብለው ሰየሟት፤ የባሕር ኃይሉ ዋና መርከብና የዕጩ መኮንኖች ማሠልጠኛ ሆነች። በዓመታዊው የባሕር ኃይል ቀን የአሜሪካ፣ የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይና የሶቪየት መርከቦች በምጽዋ ሲሰበሰቡ በመካከላቸው የምትቆመው አስተናጋጅ እርሷ ነበረች።

የዚህ ምድብ መርከቦች በሁለት ዘንግ ወደ 6000 የፈረስ ጉልበት የሚያደርሱ የናፍጣ ሞተሮች ነበሯቸው፤ የፌርባንክስ ሞርስ ሥራ ናቸው። ሞተሩ ከተለመደው የተለየ ነው። በአንድ ሲሊንደር ውስጥ ሁለት ፒስተኖች ፊት ለፊት ይጋጠማሉ፤ ነዳጁም በመካከላቸው ይነድዳል። ስለዚህ ከላይ አንድ፣ ከታች አንድ ክራንክሻፍት አለ፤ ሁለቱን የሚያገናኛቸው ቀጥ ብሎ የቆመ ዘንግ ነው። የታችኛው ክራንክሻፍት የላይኛውን በ12 ዲግሪ ይቀድማል፤ ይህ ልዩነት ከተዛባ የሞተሩ አሠራር ሁሉ ይዛባል። የነዳጅ ፓምፖቹን የሚያንቀሳቅሱት ካምሻፍቶች ደግሞ ከላይኛው ክራንክሻፍት በሰንሰለት ይነዳሉ። ሞተሩ ቫልቭ ስለሌለው ሰንሰለቱ ቢበጠስ ፒስተን ቫልቭ አይመታም፤ ነዳጅ ተቋርጦ ሞተሩ ይቆማል። ጠንካራ ንድፍ ነው፤ በአሜሪካ የባሕር ሰርጓጅ መርከቦችም በሰፊው አገልግሏል። ግን ብዙ አካል ያለውና ለክትትል የማይታክት ሰው የሚፈልግ ሞተር ነው። የታችኛውን ለመፈተሽ ከላይ ያለውን ማንሣት ግድ የሚሆንበት ጊዜ አለና።

«ኢትዮጵያ» በዚህ ሞተር በኢትዮጵያ ሰንደቅ ዓላማ ሥር ከ1962 እስከ 1991፣ 29 ዓመት ቆይታለች። የተሠራችበትን ዘመን ከጨመርን 47 ዓመት ይሆናል። የእኛ የታሪክ መጻሕፍት ስለ አዛዦቿና ስለ ጎብኚዎቿ ይናገራሉ። ከወለል በታች፣ ከቀይ ባሕር ሙቀት ላይ የሞተር ሙቀት ተጨምሮበት ሰንሰለት ሲለኩ ስለኖሩት ቴክኒሻኖች ግን እምብዛም አይናገሩም። የዚህች መርከብ ዕድሜ የእነርሱ ሥራ ውጤት ነው።

የተለያዩ አገሮች መለዋወጫ

የመርከቧ ጥገና ታሪክ በ1977 ሁለት ተከፈለ። በዚያ ዓመት ደርግ የአሜሪካን ወታደራዊ ተልእኮ አስወጣ፤ የዋሽንግተን ወታደራዊ ርዳታም ተቋረጠ። ከዚያ ወዲህ ዋናው መርከብ የአሜሪካ ሥሪት ሆኖ ሳለ ዋናው ወዳጅ ሶቪየት ኅብረት ሆነ። ቀድሞውንም የባሕር ኃይሉ ስብስብ ወጥ አልነበረም፤ ከአሜሪካ የጥበቃ ጀልባዎች፣ ከኔዘርላንድ የተገኘ የቀድሞ ፈንጂ ጠራጊ፣ ከዩጎዝላቪያ የተገኘ የጥበቃ መርከብ ነበሩት። በዚህ ላይ ከሶቪየት የኦሳ ምድብ ሚሳይል ጀልባዎችና ሁለት የፔትያ ምድብ ፍሪጌቶች ተጨመሩ።

ይህ ለሰልፍ ያምራል፤ ለመጋዘን ኀላፊው ግን መከራ ነው። የሁለተኛው ትውልድ ኦሳ ጀልባ እያንዳንዳቸው 5000 የፈረስ ጉልበት ያላቸው ሦስት ሞተሮች አሉት፤ አንዱ ሞተር ብቻውን 56 ሲሊንደሮች አሉት። በትንሽ ክብደት ብዙ ኃይል እንዲሰጥ የተሠራ ስለሆነ የእድሳት ጊዜው ከተራ የመርከብ ሞተር በእጅጉ ያጠረ ነው፤ ሙሉ እድሳቱም ልዩ ፋብሪካ ይፈልጋል። ስለዚህ በአንድ ወደብ ውስጥ የቆሙ መርከቦች የተለያየ የቴክኒክ ቋንቋ፣ የተለያየ መለኪያ፣ የተለያየ የሥልጠና ትምህርት ቤት ነበራቸው። ከአንዱ የተረፈ ዕቃ ለሌላው አይሆንም።

እዚህ ላይ አንድ ንጽጽር ይጠቅማል። የ«ኢትዮጵያ» እኅት መርከቦች የነበሩ ስድስት መርከቦች በ1975 ሳይጎን ስትወድቅ ወደ ፊሊፒንስ ሸሹ። የፊሊፒንስ ባሕር ኃይል አራቱን ብቻ አሰማራ፤ የቀሩትን ሁለቱን የመለዋወጫ ምንጭ አደረጋቸው። ይህ ውሳኔ ክብር ያለው አይመስልም፤ ነገር ግን አራቱን የሚያኖረው የሁለቱ መፍረስ መሆኑን አስቀድሞ ማስላት ነው። ኢትዮጵያ የነበራት አንዲት መርከብ ብቻ ነበረች፤ የምትፈርስላት እኅት አልነበረቻትም። ከ1977 በኋላ 14 ዓመት ባሕር ላይ መቆየቷ የሚደነቀው ለዚህ ነው።

የጥገና ቦታውም ጥያቄ ነበር። ሶቪየቶች በዳህላክ ደሴቶች፣ በኖክራ፣ 8500 ቶን የሚያነሣ ተንሳፋፊ የመርከብ መጠገኛ አቆመው ነበር። መጠገኛው የቆመው በኢትዮጵያ ይዞታ ላይ ነበር፤ ባለቤቶቹ ግን በሕንድ ውቅያኖስ የሚዘዋወረውን የራሳቸውን ጓድ ለማገልገል ያመጡት ነበር። በግዛት ላይ ያለ መጠገኛ ሁሉ የአገር መጠገኛ አይደለም።

ቺንጋው ሲበጠስ

በየካቲት 1990 የኤርትራ ሕዝብ ነፃነት ግንባር ምጽዋን ያዘ። በጦርነቱ ታሪክ ይህ ታላቅ የድል ወይም የሽንፈት ቀን ነው፤ እንደ አንባቢው። በጥገና ታሪክ ግን የዎርክሾፑ፣ የመጋዘኑና የመዝገቡ መጥፋት ነው። መርከቦቹ ወደ አሰብና ወደ ዳህላክ ተበተኑ። በግንቦት 1991 አሰብም ሲወድቅ የቀሩት የቀይ ባሕርን ማዶ ተሻግረው ወደ የመንና ወደ ሳዑዲ ዐረቢያ ወደቦች ገቡ። «ኢትዮጵያ» በየመን ቆመች።

ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ ጥይት የለበትም። ኤርትራ በ1993 ነጻ አገር ሆነች፤ ኢትዮጵያ ባሕር አልባ ሆነች፤ ባሕር ኃይሉ ግን በሰው ወደብ መኖሩን ቀጠለ። በዚያው ዓመት የመን መርከቦቹ እንዲወጡላት ጠየቀች። «ኢትዮጵያ» መውጣት አልቻለችም። መሄድ የማትችል ቀፎ ሆና ስለነበር ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። መንቀሳቀስ የቻሉት ወደ ጅቡቲ ሄዱ። እዚያም የወደብ ኪራይ ሳይከፈል ተጠራቀመ፤ በመስከረም 1996 ጅቡቲ መርከቦቹን በሐራጅ አወጣቻቸው። ኤርትራ 16ቱን ለመግዛት ፍላጎት አሳይታ በመጨረሻ አራት ወሰደች፤ የቀሩት ለቁርጥራጭነት ሄዱ። ባሕር ኃይሉ በዚያው ዓመት ፈረሰ።

ዋናው መርከብ የሞተው በሚሳይል አይደለም፤ ታስሮ በመቆም ነው። ሰዎች «አልሠራችም፣ ስለዚህ አላረጀችም» ይላሉ። የሞተር ሰው ግን እንደዚህ አይልም። የጨው አየር ቅርፊቱን ይበላል፤ ዘይት ያልነካው ሲሊንደር ይዝጋል፤ የጎማ ማኅተም ይደርቃል፤ ያልዞረ ዘንግ ይጣበቃል። የዓመቱ ገደብ ከሰዓቱ ገደብ ቀድሞ ይደርሳል። ከ1977 እስከ 1990 የነበረው ድካም የሰንሰለት ድካም ነበር፤ ቀስ ብሎ የሚረዝም፣ ሊለካ የሚችል፣ በትጉህ እጅ የሚጠበቅ። ከ1990 በኋላ የሆነው ግን የቺንጋ መበጠስ ነው። ዎርክሾፕ፣ ደመወዝ፣ መለዋወጫና ወደብ በአንድ ጊዜ ተቋረጡ፤ የቀረው ሁሉ ቆሞ እርስ በርሱ ተጋጨ።

የንግድ መርከቦቹ ለምን ተረፉ?

«የጥገና ባህል የለንም» የሚለው አባባል በዲያስፖራውም በአገር ቤትም ይዘወተራል። ታሪኩ ግን አይደግፈውም። በ1964 ተመሥርቶ በ1966 ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ንግድ መርከብ ድርጅት ያንኑ ዘመን አልፏል። አብዮቱን፣ ጦርነቱን፣ የወደቦቹን ማጣት ሁሉ ተሻግሮ በ2011 ከደረቅ ወደብና ከትራንዚት ድርጅቶች ጋር ተዋሕዶ ዛሬም ይሠራል፤ በ2010ዎቹም በቻይና የተሠሩ ዘጠኝ መርከቦችን ተረክቧል። አንድ አገር፣ አንድ ሕዝብ፣ አንድ የቴክኒሻን ምንጭ ሆነው ሳለ አንዱ ተቋም ፈረሰ፤ ሌላው ቆመ። ልዩነቱ ከምን መጣ?

ገንዘብ ማግኘትና አለማግኘት አንዱ ምክንያት ነው፤ ጦርነቱም የመጣው በጦር መርከቦቹ ላይ ነው። ግን ሌላም አለ። የንግድ መርከብ ሰዓት የሚጠብቅለት የውጭ ኃይል አለው። የምደባ ማኅበራት በየአምስት ዓመቱ ሙሉ ፍተሻ ያደርጋሉ፤ በዚያም ጊዜ ውስጥ የመርከቧ የታችኛው አካል ሁለት ጊዜ መታየት አለበት። የሞተሩ ክፍሎች በተራ ይከፈታሉ፣ ይለካሉ፣ ይመዘገባሉ። በ1993 የጸደቀው የመርከብ ደኅንነት አስተዳደር ደንብ ደግሞ ከ1998 ጀምሮ በደረጃ አስገዳጅ ሆኖ የጥገና ሥርዓትን የኩባንያው ኀላፊነት አድርጎታል። የምስክር ወረቀቷ ያለፈባት መርከብ ኢንሹራንስ አታገኝም፤ ያለ ኢንሹራንስ ጭነት የለም፤ ወደብም ያግዳታል። ስለዚህ ሚኒስትሩ ቢቀየርም፣ በጀቱ ቢጠብም፣ ቀኑ ሲደርስ ሞተሩ ይከፈታል።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ታሪክም ከዚሁ ወገን ነው። በ1945 ከአሜሪካው ቲ ደብሊው ኤ ጋር በተደረገ ስምምነት ሲቋቋም ከአውሮፕላኑ ጋር የጥገና ደንቡም መጣ። የአስተዳደር ውሉ ሲያበቃ ደንቡ አልሄደም። በደርግ ዘመን መንግሥት ከሞስኮ ጋር ሲወዳጅ አየር መንገዱ የአሜሪካን አውሮፕላን በአሜሪካ የጥገና መስፈርት ማብረሩን ቀጥሏል። እንግዲህ ጉዳዩ የባህል ሳይሆን የተጠያቂነት ነው። የጦር መርከብ ኢንሹራንስ የሚከለክለው፣ ወደብ የሚዘጋበት፣ የፍተሻ ቀን የሚቆርጥለት የውጭ ዳኛ የለውም። ዳኛው የራሱ መንግሥት ነው፤ መንግሥት ደግሞ በችግር ቀን መጀመሪያ የሚቆርጠው ሰልፍ ላይ የማይታየውን በጀት ነው።

ዛሬ የሚጠየቀው

ይህ ሁሉ ያለፈ ነገር ቢሆን ኖሮ ለታሪክ ወዳዶች በተተወ ነበር። ነገር ግን መንግሥት በ2018 ባሕር ኃይሉን መልሶ እንደሚያቋቁም አስታውቋል፤ በመጋቢት 2019 ከፈረንሳይ ጋር የመከላከያ ስምምነት ተፈራርሟል። በጥር 2024 ከሶማሊላንድ ጋር የመግባቢያ ሰነድ ተፈረመ፤ ያስከተለውም ውጥረት በታኅሣሥ 2024 ወደ አንካራው መግለጫ አመራ። በሌላ በኩል በባሕር ዳር የተቋቋመው የባሕርተኞች ማሠልጠኛ ለዓለም መርከቦች የሞተር መሐንዲሶችን ያፈራል። ሰው አለ ማለት ነው። የሚጎድለው ያ ሰው ሰዓት የሚጠብቅበት ተቋም ነው።

ከታሪኩ አራት የፖሊሲ ጥያቄዎች ይወጣሉ። አንደኛ፣ ማናቸውም የወደብ ስምምነት ስለ መልሕቅ መጣያ ብቻ ሳይሆን ስለ መጠገኛ ቦታ፣ ስለ ዎርክሾፕና ስለ መለዋወጫ ቀረጥ ምን ይላል? የኪራይ ክፍያ ቢዘገይ መርከቧ ምን ትሆናለች? የ1996ቱ ሐራጅ ይህን መጠየቅ ግድ ያደርገዋል። ሁለተኛ፣ መርከብ ሲገዛ የሙሉ ዕድሜው ጥገና ወጪ ከግዢው ዋጋ ጋር አንድ ላይ ለፓርላማ ይቀርባል ወይስ «ኋላ እናየዋለን» ይባላል? ሦስተኛ፣ የሚገዙት ሞተሮች ከአንድ ወይም ከሁለት ቤተሰብ እንዲሆኑ የሚያስገድድ ደንብ አለ? ወይስ እያንዳንዱ ወዳጅ አገር የየራሱን ዓይነት ይለግሰናል? ርዳታ የማይመለስ ስጦታ ይመስላል፤ መለዋወጫው ግን ዕድሜ ልክ የሚከፈል ነው። አራተኛ፣ የምደባ ማኅበር ለንግድ መርከብ የሚያደርገውን ፍተሻ ለጦር መርከብ ማን ያደርገዋል? ውጤቱስ ለማን ይቀርባል?

ለዚህ ጽሑፍ አንባብያን አምስተኛ ነገር ይጨመራል። ከመሀል ሎስ አንጀለስ በስተደቡብ 20 ማይል ያህል ርቀት ላይ የሳን ፔድሮ ወደብ አለ፤ በአሜሪካ ታላላቅ ከሚባሉት አንዱ። በዚያው «ሌን ቪክቶሪ» የተባለች፣ በ1945 በዚሁ ከተማ የተሠራች የእንፋሎት መርከብ ታስራ ትገኛለች። ከእኛዋ «ኢትዮጵያ» ጋር የአንድ ዘመን ልጅ ናት። በቀድሞ ባሕርተኞችና በበጎ ፈቃደኞች እጅ ተጠብቃ ሙዚየም ሆናለች፤ የእኛዋ ከተቆራረጠች ከ30 ዓመት በላይ ሆኗታል። በዚህ አካባቢ በወደብ አስተዳደር፣ በሎጂስቲክስ፣ በኢንሹራንስና በምሕንድስና የሚሠሩ ኢትዮጵያውያን ለአገራቸው ከሚልኩት ገንዘብ ባልተናነሰ ይህን እውቀት ሊልኩ ይችላሉ፦ የፍተሻ ቅጽ እንዴት እንደሚዘጋጅ፣ የመለዋወጫ ውል እንዴት እንደሚጻፍ፣ የቆመ ሞተር በየስንት ጊዜው እንደሚዞር። በየአገሩ የተበተኑት የቀድሞው ባሕር ኃይል ቴክኒሻኖችም በዕድሜ እየገፉ ነው። ትዝታቸው በድምፅና በጽሑፍ ካልተሰበሰበ ያ የ29 ዓመት ልምድ ከመርከቧ ጋር አብሮ እንደተሸጠ ይቆጠራል።

አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። የባሕር በር ክርክር ወደፊት ወዴትም ቢያመራ፣ ስለ ወደብ የሚናገር ባለሥልጣን ፌርፋክስ ሲመጣ የሚቀርብለት ጥያቄ «የትኛው ወደብ?» ብቻ መሆን የለበትም። «በአሥረኛው ዓመት ሞተሩን የሚከፍተው ማን ነው? ገንዘቡስ ከየትኛው መደብ ይወጣል?» ተብሎ ይጠየቅ። ለዚህ መልስ ያለው ባለሥልጣን ስለ መርከብ አስቦበታል ማለት ነው።